የስድስቱ ምሰሶዎች ባለቤት

ሰው በዓላማ ለመኖር የሦስት ቀን ሥልጠና እንደሚበቃው ያስመሰከሩት የመንገድ መብራት ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት እንደማንኛችንም ተራ ሰው ሆነው ከቤት ወጡ፤ ቅዳሜ ማታ ባለራእይ ሆነው ገቡ።

በማግስቱ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። ስድስት የሕይወት ምሰሶዎች፣ በየምሰሶው ሥር ሰባት ሰባት ተግባራት፣ በየተግባሩ ትይዩ ደግሞ «ተከናውኗል» የሚባልበት ሳጥን ነበረው። «ቤተሰብ» ከተባለው ምሰሶ ሥር የመጀመሪያው ተግባር «አባቴን በየዕለቱ አጫውታለሁ» ይላል። ምክትል ኃላፊው ይህችን ሲጽፉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አባትየው የሚኖሩት ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው፣ አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ጋዜጣን ከባዶ ወረቀት አይለዩም። ሞራው ቶሎ ካልተገፈፈ ብርሃናቸው እንደማይመለስ ሐኪሙ ተናግሯል።

«ልጄ፣ ሐኪም ቤት መቼ ነው የምትወስደኝ?»

«በሦስተኛው ሩብ ዓመት ተይዟል አባባ።»

«እስከዚያ የሚቆይ ዓይን አለኝ ብለህ ነው?»

«እርስዎም እኮ አዎንታዊ ሆነው ማሰብ አለብዎት።»

ይህን ብለው ወደ ሳሎን ተመለሱና አባትን የማጫወቱን ሳጥን በአረንጓዴ እስክሪብቶ ምልክት አደረጉበት። ተጫውተዋላ።

በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ሙሉ የአባት ጨዋታ መቶ በመቶ ተከናወነ። «ባለቤቴን በቤት ሥራ አግዛለሁ» የሚለውም አልተጓደለም፤ እሷ ልብስ ስታጥብ ምክትል ኃላፊው ሶፋው ላይ ሆነው በሐሳብ ያግዟት ነበር። መሥሪያ ቤታቸውንም አልረሱም። የከተማው ግማሽ መብራት ጠፍቶ ሳለ «እውነተኛ ብርሃን ከውስጥ ነው» በሚል ርዕስ ለሠራተኛው ንግግር አድርገው በጭብጨባ ወረዱ። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ጨለማ ውስጥ ቦይ ገብተው ጫማቸው ተበላሸ፤ ይህንንም «ፈተናን ወደ ዕድል መለወጥ» ከሚለው ተግባር ሥር መዘገቡት።

ሚስታቸው ግን በግድግዳ የተለጠፈ ዓላማ የሌላት ሴት ስለሆነች፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራዋ አስፈቅዳ አማቷን በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሞራው ተገፈፈ።

በሳምንቱ ምክትል ኃላፊው ከሥራ ሲገቡ አባታቸውን ሳሎን ቆመው አገኟቸው። መነጽር አድርገዋል። ግድግዳው ባዶ ነው።

«ወረቀቱን አነበቡት አባባ?» አሉ ምክትል ኃላፊው በኩራት።

«ከዳር እስከ ዳር።»

«ስህተት አገኙበት?»

«አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ነጠላ ሰረዙ እንኳ ቦታ ቦታውን ይዟል።»

ምክትል ኃላፊው ደስ አላቸው። «ታዲያ የት አደረጉት?»

«እኔ የማርመው ፊደል ብቻ ነው ልጄ። ጽሑፉ ራሱ ውሸት ሆኖ ሲገኝ ለዋና አዘጋጁ እንመልሰዋለን፤ የሥራችን ደንብ ነው። መልሼዋለሁ።»

ሚስትየው ወረቀቱን ይዛ ከማእድ ቤት ወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ወንበር ሳበች።

«ና ተቀመጥ» አለቻቸው። «አርባ ሁለት መስመር ነው፤ ከየትኛው እንጀምር?»