የጋሽ ታምራት አረንጓዴ ከረጢት

ኦስሎ ብዙ ዓመት የኖረ ሐበሻ አጥብቆ የሚለምደው ምንድን ነው? ብርዱን እንዳትሉኝ፤ ብርድ አይለመድም። ቆሻሻ መለየትን ነው። ሃውገሩድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ጎረቤቴና የሕንጻችን ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑት ጋሽ ታምራት የምግብ ትራፊን በአረንጓዴ፣ ፕላስቲክን በሰማያዊ ከረጢት ሳይለዩ አይተኙም። የተሳሳተ ጎረቤት በሩ ላይ ማስታወሻ ተለጥፎ ያገኛል።

አምና ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስቴር ጋር ወደ ድሬዳዋ ስንጓዝ፣ አዋሽ ፓርክ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ባለ ተፈጥሮን የማይጎዳ በሚባል ሎጅ አደርን። አስተናጋጁ፣ «ጋሼ፣ ምግብ በረንዳ ላይ አይተዉ፤ ዝንጀሮ አለ» አላቸው።

«ስለ ቆሻሻ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አሉና ከኦስሎ ያመጧቸውን ከረጢቶች በየቀለማቸው በረንዳው ላይ ሰቀሉ።

ችግሩ፣ እትዬ አስቴር ድሬዳዋ ለሚጠብቋቸው እናታቸው የያዙትን ቡናማ የኖርዌይ አይብ የጠቀለሉት በአረንጓዴ ከረጢት ነበር። የኦስሎ ሱቅ በነጻ የሚሰጠውን ከረጢት የማይጠቀምበት ማን አለ? ጋሽ ታምራት ደግሞ አረንጓዴ ካዩ ውስጡን አይጠይቁም፤ አብረው ሰቀሉት።

ጠዋት ስንወጣ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ተቀምጦ የመጨረሻዋን የአይብ ቁራጭ ያላምጣል።

«የእማዬ አይብ» አሉ እትዬ አስቴር። «ስንት ዓመት ስትጠይቀኝ የኖረችው።»

ጋሽ ታምራት ሳይነካ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ከረጢት ትክ ብለው አዩ። «ፕላስቲኩን አልነኩትም እኮ። ከእኛ ሕንጻ ሰዎች ይሻላሉ።»

«እንግዲያው እዚሁ ቅርና ሊቀመንበራቸው ሁን» አሏቸው እትዬ አስቴር።

ጋሽ ታምራት እስከ ድሬዳዋ ድረስ አማታቸውን ምን እንደሚሏቸው በለሆሳስ ሲለማመዱ ሰማኋቸው። የሞከሩት ሰበብ ሁሉ የሚጀምረው ከዝንጀሮው ነበር።