ታሞ የማያውቀው በሽተኛ

ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ታሞ የማያውቅ በሽተኛ አለው። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ልብ ብላችሁ አላያችሁም። ይህ ሰው ሳል ያጣድፈዋል፣ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፣ ጉልበቱ ደረጃ ላይ ይከዳዋል፤ እንዴት ነህ ሲሉት ግን መልሱ አንድ ነው። "ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን።" ሰላምታን በበሽታ ማበላሸት ነውር ነዋ!

የእኛ ቤት ተወካይ አባቴ፣ ክቡር አቶ ታከለ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚህ ውስጥ የታመሙበት ቀን ዜሮ። አንድ ጊዜ መጋረጃ ሊሰቅሉ ከመሰላል ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ሮጬ ስደርስ ክንዱ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል፤ ክቡርነታቸው በደኅናው እጃቸው መዶሻውን አቀብዪኝ ይሉኛል። ሌላ ጊዜ አርባ ዲግሪ ትኩሳት ይዟቸው፣ በሐምሌ ሐሩር ካፖርት ደርበው "ኢየሩሳሌም ዘንድሮ ቀዘቀዘች" አሉ።

ስለዚህ ሳሉ ሲጀምራቸው ለማንም አልተናገሩም። መጀመሪያ ሰበቡ በርበሬ ነበር፤ ቀጥሎ ሰፈራችን ውስጥ ሐዲድ የሚዘረጉት ሠራተኞች አቧራ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ቀለም። በሦስተኛው ወር እናቴ ይርገዱ የራሷን ደም ግፊት ልትለካ ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈሩ ክሊኒክ፣ ሄደች። ነርሷ የእኛው አገር ልጅ ነበረችና እናቴ እዚያው አሳበቀችባቸው። "ሲስሉ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ይቆማሉ" አለቻት።

የደረት ፎቶ ተነሡ። በቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ ነጭ ምልክት ተገኘ። የሳንባ ሐኪሙ ዶክተር ኦሬን አልሸፋፈነም። "ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል" አለ፤ እኔም ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እንዳለ ተረጎምኩ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና "ይመስገን። እሱስ ደህና ነው? ልጆች አሉት?" አሉ። ሐኪሙ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ አጋምና ኔታ። የዚያን ቀን በደንብ ያወቅነው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ያስልዎታል? "ኧረ የለም።" ትንፋሽ ያጥርዎታል? "በፍጹም።" ከዚህ በፊት ሳንባዎን ታመው ያውቃሉ? እዚህ ላይ ተርጉሜ ሳልጨርስ "የለም!" አሉ። ሐኪሙ ሁሉንም ጻፈ። እኔ ከንዴት የተነሣ ፊቴ ጋለ። "አባ፣ እባክዎ፣ ይህ ሰው ሐኪም ነው፤ እውነቱን ይንገሩት!" ብላቸው "ሐኪምስ ቢሆን፣ በመጀመሪያ ቀን ሰውን ያስጨንቁታል?" አሉኝ።

ለሲቲ ስካን ቶር፣ ማለትም ቀጠሮ፣ የነበረን ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ አቶ ወልዱን አገኘናቸው። እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ናቸው፤ ለአባቴ የወንዝ ልጅ። አንድ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በከዘራ ቆመዋል። "እንዴት ሰነበቱ?" "ደህና፣ ይመስገን፤ እርስዎስ?" "ደህና፤ ቤተሰብ ደህና?" አንዱ እየሳለ፣ አንዱ እያነከሰ፣ ስለ ጤናቸው ተመሰካከሩ። ሃያ ደቂቃ ዘግይተን ደረስን፤ ይቅርታ ስለምን የዋልኩት እኔ ነኝ።

ውጤት ልንሰማ ስንመለስ ዶክተር ኦሬን የድሮ ማህደር አግኝቶ ጠበቀን። "እዚህ አገር ሲገቡ የደረት ፎቶ ተነሥተዋል። ንጹሕ ነበር" አለ። "ስለዚህ ይህ ምልክት አዲስ ነው ማለት ነው። አዲስ መሆኑን አልወደድኩትም። ናሙና እንወስዳለን፤ ምናልባት ኦፕራሲዮንም ይኖራል።" አባቴ ይመስገን እንኳ አላሉም። ይህ ከሐኪሙ ቃል ይበልጥ አስፈራኝ።

ወጥተን የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አደረጉ፤ መልሰው አወለቁ።

"ያ ፎቶ የእኔ አይደለም" አሉ።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የኤልያሁ።"

ኤልያሁ የእናቴ ወንድም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጎንደር ሳሉ፣ በወጣትነታቸው፣ ቲቢ ይዟቸው መድኃኒት ጨርሰው ድነዋል፤ ሳንባቸው ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል። እዚህ እንደገባን፣ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ባረፍንበት ግቢ የደረት ፎቶ ይነሣል ተባለ። ጠባሳው ከታየ ቤተሰቡን በሙሉ መልሰው አውሮፕላን ላይ ይጭኑናል ብለው ፈሩ። ስለዚህ "ታከለ!" ተብሎ ሲጠራ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የነበረው፣ ጤናው የተትረፈረፈው ኤልያሁ "አቤት!" ብሎ ገባ። የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለቱም ፎቶ ንጹሕ ወጣ።

"ኧረ አባ! እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ካወቁ ይመልሱናል ወይ?"

ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ሠላሳ አምስት ዓመት እዚህ ኖረዋል፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ለሠራዊት ሰጥተዋል፤ ያ ፍርሃት ግን ከሆዳቸው አልወጣም።

"ማንም አይመልስዎትም።"

"እናንተንስ?"

"እኛንም፣ አባ። እኛንም።"

እጃቸውን ይዤ የሐኪሙን ቤት ደረጃ መልሰን ወጣን፤ ሦስት ጊዜ ቆመው። ዶክተር ኦሬን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "የአቶ ኤልያሁ ሳንባ እጅግ በጣም ጥሩ ነው" አለ። ቀጥሎ ኮስተር ብሎ፣ የድሮ ጠባሳ የመሆን ተስፋው ከፍ ማለቱን፣ ናሙናው ግን እንደማይቀር ነገረን። በግምት ሰው አላሰናብትም አለ።

ናሙናው ተወሰደ፤ ዐሥር ቀን ጠበቅን። እኔ ቀላል ባቡር እነዳለሁ፤ ማሃኔ ይሁዳ ፌርማታ ላይ በሩን ከፍቼ መንቀሳቀስ ረስቼ ተሳፋሪው ጮኸብኝ። በነዚያ ቀናት የተናደድኩባቸውን ያህል ተናድጄባቸው አላውቅም። የወደድኳቸውንም ያህል ወድጃቸው አላውቅም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ዶክተር ኦሬን ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው። "ጠባሳ ነው። ካንሰር የለም። ሳሉ የአስም ነው፤ የሚሳብ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ።" ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተረጎምኩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቆይተው ተነሡ፤ እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ በሩን ያዝኩ።

"ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?" አለ ሐኪሙ ለወጉ ያህል።

አባቴ በሩን አዩ። እኔን አዩኝ። ተመልሰው ቁጭ አሉ።

"የግራ ጉልበቴ" አሉ። "ከሱ ቀጥሎ ወገቤ። ጥርሴንም ከፋሲካ ወዲህ እያመመኝ ነው። አንዱ ጆሮዬ ይጮኻል። ደግሞ የምተኛበት ትራስ አንገቴን..."

ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች በሩን መደብደብ ጀመሩ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ወንበሬን ሳብኩ፤ ጉልበቱንም፣ ወገቡንም፣ ትራሱንም አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። አንዲትም ቃል አላስቀረሁም።