አርባ አራተኛዋ የለችም

ታላላቅ ሐሳቦች የሚፈልቁት ከታላላቅ ጭንቅላቶች ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ይታረም፤ ከልጅ ደብተርም ይገለበጣሉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለው ሳለ፣ ሴት ልጃቸው ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አዩ። "37ን ወደ ቅርቡ አሥር አጠጋጊ" ይላል ጥያቄው። ልጅቱ የእርሳሷን ጫፍ ጥቂት አኘከችና "40" ብላ ጻፈች።

ኃላፊው ክው ብለው ቀሩ። ያን የሚያህል ጎርባጣ ቁጥር፣ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ምላስ የሚያደናቅፍ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ዓይን የሚወጋ ቁጥር፣ በአንዲት የእርሳስ ጭረት ልስልስ ብሎ አርባ ሆኖ ቁጭ አለ!

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"ቲቸር።"

"ስንተኛ ክፍል ነው ያላችሁት?" አሉ። አባቷ ናቸውና የማወቅ መብት አላቸው።

"ሁለተኛ ነዋ፣ አባዬ!"

ለሚጠይቅ ሰው፣ ልጅቱ የምትማርበት ትምህርት ቤት በእሳቸው ጽሕፈት ቤት ሥር አይደለም። ኃላፊው ልጃቸውን ይወዳሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰርኩላሩ ወጣ። "ከዛሬ ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን ሥር የሚገኝ ማናቸውም ቁጥር፣ የተማሪም ይሁን የወንበር፣ የመስኮትም ይሁን የሰው፣ ያለ አንዳች ልዩነት ወደ ቅርቡ አሥር ተጠጋግቶ እንዲመዘገብ፣ ተጠጋግቶ እንዲታቀድና ተጠጋግቶ እንዲኖር በጥብቅ እናሳስባለን" ይላል። ከሥሩ የኃላፊው ፊርማ አለ፤ ፊርማው ላይ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ላይ ደግሞ ለማንኛውም ተብሎ ሌላ ማኅተም ተመትቶበታል።

ሰርኩላሩ ከደረሳቸው አንዷ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስትስብ የኖረች፣ ብዙ ሰርኩላር መጥቶ ሲሄድ ያየች ሴት ናት። ይሄኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድም የፊደል ስህተት አላገኘችበትም፤ እንደዚህ ተጠንቅቀው የጻፉትን ነገር ከምራቸው እንደሚሠሩበት ታውቃለችና ፈራች።

ክፍሏ ውስጥ አርባ አራት ልጆች አሉ። ሲጠጋጋ አርባ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሁለት ሠራተኞች መጥተው አራት ወንበር ቆጥረው፣ አስፈርመው ወሰዱ። መዝገቡም ከጽሕፈት ቤቱ ሲመለስ፣ ከአርባ አንድ እስከ አርባ አራት ያሉት ስሞች በቀይ እስክሪብቶ፣ ያውም በማስመሪያ፣ ቀጥ ተደርገው ተሰርዘው ነበር። የመጨረሻዋ በቅጽል ስሟ ሚጢጢ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን ለአምስትም አይሞላም። የጥያቄዋን ነገር ካነሣን ግን የጠቅላላ ጉባኤ ያህል ነው።

መምህርቷ ለአራቱ ልጆች ሰሌዳው ሥር ምንጣፍ አነጠፈችላቸው። "እናንተ እኮ ታድላችኋል፤ ለሰሌዳው የሚቀርበው እናንተ ናችሁ" አለቻቸው። ሦስቱ አመኗት። ትምህርቱ ተጀመረና፣

"ሚጢጢ፣ ሦስትና አራት ሲደመር ስንት ነው?"

ሚጢጢ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ አየች።

"ምነው፣ አላወቅሽውም?"

"አውቀዋለሁ ቲቸር። ግን እኔኮ የለሁም። መዝገቡ ላይ ቀይ ሆኛለሁ።"

መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ ጠዋት አጥፍታ የጨረሰችውን ሰሌዳ እንደገና ረጅም ጊዜ አጠፋችው። ይቺን ልጅ ወንበሯ ላይ ሳልመልሳት እንቅልፍ አይወስደኝም አለች በልቧ፤ ደወሉ እንደተደወለም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

ኃላፊው ከዕቅድ ባለሙያው ጋር ተቀምጠው ነበር። ባለሙያው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ያልተስማማ ሰው ነው።

"ጌታዬ፣ አርባ አራት ተማሪዎች አሉኝ።"

"አርባ" አሉ ኃላፊው፣ በትሕትና አርመዋት።

"አራቱስ?"

"የትኞቹ አራት?"

"ወንበር የተወሰደባቸው።"

"እነሱ እኮ ልጆች አይደሉም እህቴ፤ የማጠጋጋት ልዩነት ናቸው። በሠለጠነ አሠራር ልዩነት ያለ ነው፤ አትጨነቂበት።"

"ከልዩነቶቹ አንዷ ትናንት የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳባብላት ነው የዋልኩት!"

"ለልዩነት ጥርስ የተያዘ ዕቅድ የለንም" አለ ባለሙያው፣ ወረቀቱን እያገላበጠ። እውነትም ፈልጎ አጥቶት ነበር።

መምህርቷ ተነፈሰች። "እሺ፣ አርባ አምስት ቢሆኑስ?"

"ሃምሳ!" የኃላፊው ፊት በራ። "በዚያው ቀን አሥር ወንበር እንልክልሻለን። ሕግ ሕግ ነው።"

"እንግዲያው ስሙኝ። ከጎኔ ያለችው መምህርት አርባ አምስት ልጆች አሏት፤ ሃምሳ ወንበር ሰጥታችኋታል። አምስቱ ጥግ ላይ ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። አራቱን ልጆቼን ወደ እሷ ላዛውራቸው።"

ኃላፊው ባለሙያውን አዩ። ባለሙያው ጉሮሮውን ጠራረገ። "አይቻልም። የሌለ ተማሪ አይዛወርም። ለመዛወር በቅድሚያ መኖር ያስፈልጋል።"

"እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!" አሉ ኃላፊው፤ በኩራት እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው።

መምህርቷ በዚያው ወደ ጎረቤቷ ክፍል ገባች። "እባክሽ እህቴ፣ አንድ ልጅ ብቻ ስጪኝ።"

"አብደሻል?" አለች ጎረቤቷ፣ በሩን እየዘጋች። "አንድ ከሰጠሁሽ አርባ አራት ልሆን አይደል? ያንቺን ጣጣ ልታሸክሚኝ ነው? ይኸውልሽ፣ አርባ አምስተኛዬ ያ ነው!" መስኮቱ ሥር እስከ ጆሮው በሻርፕ የተጠቀለለ ልጅ ተቀምጦ ያስነጥሳል። "ጉንፋን ይዞታል። እናቱ ቤት ይዋል ብትል፣ ኧረ በፈጠረሽ ብዬ ለምኜ ነው ያመጣሁት። በቀን አሥር ጊዜ አፍንጫውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ለገዛ ልጄ እንኳ እንደዚህ ሆኜ አላውቅም።"

ሳምንት አለፈ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ፣ ምንጣፉም መሬቱ ላይ፣ ሕጉም ባለበት ቆየ። ከዚያ ኃላፊው ሁሉን ነገር ያስጀመረውን ትምህርት በዓይናቸው ለማየት ፈለጉና ባለሙያውን አስከትለው ወደ መምህርቷ ክፍል መጡ። አርባው ልጆች ከወንበራቸው ተነሡ። አራቱ ከመሬት ተነሡ፤ እነዚህን ግን ኃላፊው አላዩአቸውም። መዝገቡን አክባሪ ሰው ናቸው።

"እስቲ ልጆች!" አሉ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። "ሃያ ሦስት?"

"ሃያ!"

"ሃያ ስድስት?"

"ሠላሳ!"

"አምስት?"

"አሥር!"

"ብራቮ! ይህ ትውልድ የት ይደርስ ይሆን!"

ከምንጣፉ ላይ አንዲት ትንሽ እጅ ወጣች። "አንድስ?"

ኃላፊው ዙሪያውን ተመለከቱ። "ማናት የጠየቀችው?"

"የለችም" አለች መምህርቷ።

"ለሌለች ልጅ ሸጋ ጥያቄ ነው" አሉ ኃላፊው፣ የዕለቱ ደስታቸው ለጋስ አድርጓቸው። "አንድ? አንድማ ዜሮ ነው! ከአምስት በታች ያለ ሁሉ ያለ ርኅራኄ ወደ ዜሮ ይወርዳል። አንድ ደግሞ ከሁሉም በፊት!"

"እርስዎስ ስንት ነዎት?" አለች ሚጢጢ።

ኃላፊው ከልባቸው ሳቁ። "እኔማ አንድ ነኝ! በዚህ ጽሕፈት ቤት እንደ እኔ ያለ ሁለተኛ አይገኝም።"

 ከኋላ አንዱ ልጅ ክትክት ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ባለሙያው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። መምህርቷም ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ ኃላፊው ከሄዱ በኋላ ግን ወረቀት አወጣችና ተቀመጠች። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ በደስታ የጻፈችው ደብዳቤ የለም።

"ክቡር ኃላፊ" ይላል ደብዳቤው፤ "ይህ ዘመን ተሻጋሪ አሠራር በሕፃናት ላይ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የጽሕፈት ቤቱ የራሱ የሰው ኃይል በዚሁ መንገድ ተጠጋግቶ፣ በእርስዎ ፊርማ ለበላይ አካል ቢላክ፣ አርአያነትዎ በየመሥሪያ ቤቱ ይናኛል።"

ኃላፊው "አርአያነትዎ" የምትለዋን ሦስት ጊዜ አነበቧትና ሠንጠረዡ በአስቸኳይ እንዲዘጋጅ አዘዙ። ባለሙያው አዘጋጀ። ባለሙያዎች አሥራ አራት፣ ሲጠጋጋ አሥር። ጽዳት ስድስት፣ ሲጠጋጋ አሥር። ጥበቃ አምስት፣ ሲጠጋጋ አሥር። ሾፌር ሁለት፣ ሲጠጋጋ ዜሮ። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ወረቀቱን ይዞ ገባ።

"ክቡር ኃላፊ፣ አንድ ነገር ልናገር?"

"አንድ ነገር ምንም ማለት አይደለም። አሥር ሲሞላልህ ና" አሉና ሳያነቡ ፈረሙ። ባለሙያው ከአሥሩ አንዱ መሆኑን ቀድሞ አረጋግጦ ነበርና አልተከራከረም።

የበላይ አካሉ መልስ በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣ። ምስጋናው አንድ ገጽ ተኩል ነው። በመጨረሻው አንቀጽ፣ "በላካችሁት ሠንጠረዥ መሠረት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እንደሌለው ስለተረዳን፣ ቢሮው ተቆልፎ ቁልፉ ለባለሙያዎች እንዲሰጥና የጎደሉት አምስት የጥበቃ ሠራተኞች እንዲቀጠሩ አጽድቀናል" ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። "ይቅርታ አባቴ፣ ዝርዝሩ ላይ የሉም።"

"እኔን አታውቀኝም?"

"እንዴት አላውቅዎትም! ትናንት ሰላም ብዬዎታለሁ፤ እርስዎ ዝም ብለውኝ አለፉ እንጂ። ግን ዝርዝሩ ላይ የሉም።"

እንግዲያው ዘበኛ ልቀጠር፣ አምስት ክፍት ቦታ አለ አሉ። ባለሙያው በመስኮት ብቅ ብሎ የሥራ ልምዳቸውን ጠየቀ። እዚህ ቢሮ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ አሉ። ሲጠጋጋ ዜሮ ሆነ። አቤቱታ ልጻፍ ሲሉም፣ "የሌለ ሰው አቤቱታ አያቀርብም፤ መጀመሪያ በጽሕፈት ቤቱ ሥር ባለ በአንዱ መዝገብ ላይ መኖር አለብዎት" አላቸው። እሳቸው ያደነቁት ያ ጭንቅላት አሁንም በደንብ ይሠራል።

ረፋዱ ላይ የሁለተኛ ክፍል በር በቀስታ ተንኳኳ። የቀድሞው ኃላፊ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። መምህርቷ በልቧ ልትስቅባቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ስታያቸው ግን አዘነችላቸው።

"መምህርት" አሉ፣ "የሆነ መዝገብ ላይ... የትም ይሁን ብቻ... ስሜን ብታሰፍሪልኝ።"

ሚጢጢ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችላቸው። "እዚህ ይቀመጡ። የሌለነው ሰዎች የምንቀመጠው እዚህ ነው።"

ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎናቸው ያሉትን አራት ልጆች አዩ፤ ሁሉም ዓይንና አፍንጫ ነበራቸው። ሚጢጢ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ወንበሮቹን፣ ምንጣፉን፣ በመጨረሻም ባለ ባርኔጣውን ሰውዬ ቆጠረች። በድንገት ብድግ አለች።

"ቲቸር! አርባ አምስት!"

"ሲጠጋጋስ?"

"ሃምሳ!" ብሎ ክፍሉ አስተጋባ።

ሕግ ሕግ ነውና ባለሙያው በዚያው ቀን አሥር ወንበር ላከ። በቀይ የተሰረዙት ስሞች በሰማያዊ ተጻፉ፤ ከሥራቸውም የሰውዬው ስም ሰፈረ። በማግስቱ ስም ሲጠራ ሚጢጢ "አለሁ!" ስትል ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ። "አርባ አምስት?" ስትል መምህርቷ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ "አለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው አንድም ቀን አልቀሩም። አንድ ጠዋት በሻርፕ ተጠቅልለው፣ ዓይናቸው እያነባ መጡ። መምህርቷ ደነገጠች። "ምነው፣ ታመው የለ እንዴ? ቤት መዋል ነበረብዎት!"

"እንዴት ልዋል? እኔ ከቀረሁ እነዚህ አራቱ መሬት ሊቀመጡ ነው!" አስነጠሱና በንዴት ወንበሩን መቱት። "ኧረ ለመሆኑ ይሄን የማይረባ ሕግ ያወጣው ሰውዬ የት ነው?"

አርባ አራት ልጆች አንገታቸውን አዙረው አዩአቸው። ሚጢጢ መሐረቧን አውጥታ አቀበለቻቸው።

"የለም" አለቻቸው። "ተጠጋግቷል።"