ላዶ ወደ ሱቄ የገባ ቀን

ነጋዴ በሱቁ በር ላይ ደረጃ የሚሠራው ሰው እንዲወጣበት አይደለም፤ ሰው እንዲቀርበት ነው። እመኑኝ፣ ሦስት ደረጃ ያሠራሁ ሰው ነኝ። ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር ውስጥ የግንባታ ዕቃ መደብሬን ስከፍት፣ የጁባ ዝናብ ሲወርድ መንገዱ ወንዝ ስለሚሆን ወለሉን ከፍ አስደርጌ ከፊቱ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ አስቆለልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው እስከ ዛሬ ገብቶ አያውቅም። ከውሃው ጋር ሌላ ማን እንደቀረ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም።

ከቀሩት አንዱ ላዶ ነው። ላዶ ጀበል ገበያ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ የባሪ ጎሳ ሰው ነው። በልጅነቱ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቹን ስላሰለለበት የሚሄደው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው። ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። በየሳምንቱ ይመጣና ከደረጃው ሥር ቆሞ በዓረብኛ "ያ ሐበሻ" ብሎ ይጣራል። እኔም ከባንኮኒዬ ሳልነሣ ምን እንደሚፈልግ እጠይቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ዘይነባ ወይም በቅርብ የተገኘ ሰው ዕቃውን ያወጣለታል።

ታዲያ እኔ ምን እል የነበረ ይመስላችኋል? ኩሩ ነው እል ነበር። "ይሄ ሰውዬ ሚኒስትር ነው እንዴ? እንደ ሌላው ገብቶ አይገዛም?" ብዬ ለዘይነባ አምቼዋለሁ። ወላሂ ብያለሁ... እግሩን እያየሁ።

ጦርነቱ ከተነሣበት ከታህሣሡ ተኩስ ወዲህ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ላይ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ የተሳፈርኩበት ቦዳቦዳ ሞተር ከአንዲት ፍየል ጋር መንገድ ተሻማ። ፍየሏ አሸነፈች። እሷ ምንም ሳትሆን ሄደች፤ እኔ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ እስከ ጉልበቴ ጀሶ ታሰረልኝና ለስድስት ሳምንት ክራንች ተሰጠኝ።

ከክሊኒኩ መጥቼ ሱቄ በር ላይ ስደርስ ያችን ሦስት ደረጃ ቀና ብዬ አየኋት። እኔ ነኝ ያሠራኋት፤ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደበላች አውቃለሁ። ከፍታዋን ግን ያን ዕለት ገና አየሁት። በክራንች ሞከርኩ፤ ክራንቹ ተንሸራተተ። ሌላ መላ ሲጠፋ ዞሬ ተቀመጥኩና በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ፣ ፊቴን ለመንገደኛው ሰጥቼ፣ ወደ ገዛ ሱቄ ወጣሁ። ዘይነባ ከላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

"ሰዒድ፣ ሚኒስትር ነህ እንዴ? እንደ ሌላው አትገባም?" አለችኝ።

ሚስት የምትረሳው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ደረጃ ብቻ ማየት ጀመረ። ባንኩ ደረጃ፣ መስጊዱ ደረጃ፣ ፋርማሲው ደረጃ። አጥንት የሚጠግነው ክሊኒክ እንኳ አራት ደረጃ አለው፤ ምናልባት ደንበኛ እንዳያልቅበት ይሆናል። ከጦርነቱ ወዲህ በጁባ መንገድ ላይ በክራንች የሚሄደው ሰው ስንት እንደሆነም ያኔ ገና አየሁ። ከእነሱ ጋር ስንተላለፍ አንገታችንን እንነቀንቅ ጀመር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ እንጨቱን ስሰድ የኖርኩ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ኢንጂነር ብሩክ መጣ። ብሩክ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ደንበኛዬ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሸሚዙ ጁባ ውስጥ እንኳ የማይቆሽሽ። አካል ጉዳተኞች ስለሚያገኙት ዕድል የሚመክር ትልቅ ወርክሾፕ እንዳላቸውና የተሳታፊ ቁጥር እንዳነሰባቸው ነገረኝ። ዓይኑ ጀሶዬ ላይ ነበር። የእኔ ለስድስት ሳምንት ብቻ ነው ስለው፣ ጉዳት ጉዳት ነው፣ ምሳውም ጥሩ ነው አለኝ። ምሳው አሳመነኝ።

ወርክሾፑ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፤ ሊፍት የለውም። ልድገመው? የአካል ጉዳተኞች ወርክሾፕ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለውም። የምድር ቤቱን አዳራሽ ሰርገኛ ቀድሞ ይዞታል።

ከደረጃው ሥር ላዶ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጧል፤ የመጥሪያ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከቷል። አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠይቀው ጥበቃዎቹ ተሸክመው እንደሚያወጡን ነገሩን። እኔ እሺ አልኩ፤ ሁለት ሰዎች አንዱ በብብቴ አንዱ በጭኔ ይዘው እንደ ቁም ሣጥን አወጡኝ። ላዶ ግን አልፈልግም አለ። እስከዚህ ድረስ በራሱ እጅ እንደመጣና ከዚህ ወዲያም በራሱ እጅ ካልሆነ እንደማይገባ በእርጋታ ነገራቸው። እነሱም አልተከራከሩትም። የፊርማ ወረቀቱን አወረዱለትና ፈረመ። ተሳታፊ ሆነ ማለት ነው።

ላይ ብዙ ነገር በስክሪን ላይ ታየ። ከዚያ መድረኩን የምትመራው ፈረንጅ፣ ከአካል ጉዳተኞች መካከል የራሱን ሕይወት የሚያካፍለን ይኖር ይሆን ብላ ጠየቀች። ቀስ በቀስ የሁሉም ዓይን ወደ ጀሶዬ ዞረ። ብሩክ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት... ተነሣሁ።

መጀመሪያ ስለ ፍየሏ ልናገር አስቤ ነበር። ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፍየል ምን ይሠራል? ስለዚህ የላዶን ሕይወት ተናገርኩ፤ እንደ ራሴ አድርጌ። ነጋዴ ከባንኮኒው ሳይነሣ እንዴት እንደሚያናግርህ፣ ፀሐይ ላይ ቆመህ እንዴት እንደምትጠብቅ፣ የምትገዛውን ዕቃ ሳታይ እንዴት እንደምትከፍል። ነጋዴውን ደህና አድርጌ ሰደብኩት። ድምፄ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ሁለት ሴቶች መሐረብ አወጡ። አንዷ ከዚህ ጉዳት ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደኖርኩ ጠየቀችኝ፤ "ረጅም ጊዜ" አልኳት። ሃያ ቀን ነበር። ተጨበጨበልኝ። የወፈረ ወረቀት ላይ የታተመ ሰርተፍኬትም ሰጡኝ።

ተሸክመው ሲያወርዱኝ ላዶ እዚያው ነው፤ በካርቶን የታሸገ ምሳ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ለካ የአዳራሹ መስኮት የተከፈተው በእሱ ራስ ላይ ነው።

"ጥሩ ተናገርክ" አለኝ። "የእኔ ኑሮ በአንተ አፍ ያምራል።"

ሳቅ የለበትም፤ ቁጣም የለበትም። እንዲህ ከሚናገረኝ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለሱቄ ጎማ የሚወጣበት መወጣጫ ይሥራልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ሐፍረት ነው፤ ግማሹ የራሴ መቀመጫ ነው፣ መንፏቀቅ ሰልችቶታል።

በማግስቱ ሜትሩን ይዞ መጣና ለካ። ከአንጎላሬ ብረትና ከወፍራም ላሜራ እንደሚሠራው፣ ርዝመቱም አጥሩ ድረስ እንደሚሄድ ነገረኝ። እኔ ደነገጥኩ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቧንቧ ነው የምደረድረው። አጠር አድርገው አልኩት። ካጠረ ቀጥ ይላል፣ ቀጥ ካለ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይገለበጣል አለኝ። ትንሽ እንኳ ብዬ ለመንኩት።

"አንተ የምትፈልገው ለፎቶ ነው" አለኝ። "እኔ የምፈልገው ለመግባት ነው።"

ቧንቧዎቹ ተነሡ።

በሳምንቱ መወጣጫው ተተከለ። ላዶ ፍሬኑን ለቀቀ፤ በእነዚያ ክንዶቹ ብስክሌቱን እየዘወረ ቀስ ብሎ ወጣ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሱቄን ጣሪያ አየ። ዘይነባ ቀዝቃዛ ሶዳ አመጣችለት። እኔ ክራንቼን ተደግፌ እንደ ሙሽራ አባት ደረቴን ነፍቻለሁ። የሆነ ነገር ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ እየተመለከተ ሄዶ የብየዳ ኤሌክትሮድ ጋ ቆመ።

ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ እርጥበት ያጨማደዳቸው ካርቶኖች አሉ። ከላይ ደግሞ አዲስና ደረቅ። ከታችኛው አንድ ዘንግ አወጣና በጥፍሩ ፋቀው፤ ልባሱ እንደ አሮጌ ቀለም ተላጠ። ከላይኛው አውጥቶ ፋቀ፤ ምንም አልሆነም። ሁለቱን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

ከታች ያሉት ለማን እንደሚሸጡ ጠየቀኝ። ውጭ ሆነው ለሚያዙ አልኩት። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ዘይነባ ወደ ጓዳ ገባች።

እርጥበት የገባው ኤሌክትሮድ ደህና አይዝም፤ ይተፋል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ነጋዴው ነኝ። ላዶ ዘንጎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ሁለት ዓመት ነው የምበይደው በር የሚላቀቀው" አለ። "ደንበኞቼ ሄዱ። እኔ እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር።" ከዚያ የራሱን እጅ ገለበጠና አየው። "እግሬን ለምጄዋለሁ። ለእጄ ግን ስፈራ ነው የከረምኩት።"

ይቅርታ ጠየቅኩት። ሦስት ካርቶን ደረቅ ኤሌክትሮድ በነጻ ልሰጠው አልኩ። አልወሰደም። አንድ ካርቶን መረጠ፣ ከፈለ፣ ሶዳውን ጨረሰ፣ ፍሬኑን ይዞ በመወጣጫው ወረደ።

ደንበኝነቱን አልተወም፤ እሱ ቢተወኝ በቀለለኝ ነበር። አሁን በየቅዳሜው ይገባል። እየገባ ካርቶን ይከፍታል፣ ይፍቃል፣ ይመልሳል፣ ሌላ ይከፍታል። ሌሎቹ በያጆች ያዩታል። እነሱም መክፈትና መፋቅ ጀምረዋል። ቀለም ገዢው ቆርቆሮውን ያስከፍታል፣ ሲሚንቶ ገዢው ከረጢቱን ይዳብሳል። ጀሶዬ ተፈትቶ በሁለት እግሬ ቆሜ ሳያቸው እውላለሁ።

እንግዲህ በልባችሁ ርኅራኄ ገብቶ በሱቃችሁ በር ላይ መወጣጫ ልታሠሩ ያሰባችሁ ነጋዴዎች ካላችሁ የወንድማችሁን ምክር ስሙ፤ መጀመሪያ መደርደሪያችሁን አጽዱ።