የአስማረ ምርጥ ድንች ለምን አልበቀለም?

[እንጅባራ። አስማረ ስለ ችግኝ ማባዛት የአሥር ቀን ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ የጋሪ ፈረሱን ማደሪያ «ላቦራቶሪ» ብሎታል። መደርደሪያው ላይ ሁለት ብልቃጦች አሉ፤ በአንዱ የምርጥ ዘር ድንች ቁራጭ፣ በሌላው ደግሞ የጓደኛው የዋኘው አክስት ከዘንገና የላኩት የድሮ ድንች። የአክስቲቱ አቆጥቁጧል።]

ዋኘው፦ ለመሆኑ አንተ በማን ወጥተህ ነው እንዲህ ደረቅ የሆንከው?

አስማረ፦ [አስቦ አስቦ] እሱ ገና አልተጠናም። ስለ ድንቹ ጠይቀኝ!

ዋኘው፦ እሽ፣ ምርጡ ዘር ለምን አልበቀለም?

አስማረ፦ ዘረ መል! ሁለቱም ተቆረጡ፤ አንድ ውኃ፣ አንድ መድኃኒት ጠጡ። የአክስትህ ቡቃያ አወጣ፣ ምርጡ እምቢ አለ። ከቁራጭ የማቆጥቆጥ ችሎታ በዘር የሚወረስ ነው።

ዋኘው፦ እንደ ባሕር ዛፍና እንደ ከሰል ዛፉ እንደ ዲከረንስ በለኛ! አንዱ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ሌላው ከተቆረጠ ቀረ።

አስማረ፦ አሁን ገና ሰው ሆንክ!

ዋኘው፦ ሌላ ምክንያት ግን አይኖርም?

አስማረ፦ በፍጹም! ይህንኑ የጻፍኩበትን ወረቀት ለዘር ማኅበሩ ሰብሳቢ ለእትዬ ስሜነሽ ሰጥቻለሁ። ነገ በጉባኤው ፊት አነበዋለሁ። መጋዘን ያለው ሃያ ኩንታል ምርጥ ዘር ይጣላል፤ እኔም የማኅበሩ ባለሙያ እሆናለሁ።

ዋኘው፦ [ደንግጦ] ሃያ ኩንታል? ኧረ በሕግ! እኔ እኮ ዝም ያልኩት የአክስቴ ድንች ሲሞገስ ደስ ብሎኝ ነው።

አስማረ፦ ምኑን ነው ዝም ያልከው?

ዋኘው፦ «ብልቃጥ የሚገባ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይቀቀል፣ ጀርም እንዳይኖረው» አላልከኝም?

አስማረ፦ ብያለሁ። ብልቃጡ፣ ቢላዋው፣ ውኃው...

ዋኘው፦ ድንቹም።

አስማረ፦ [የምርጡን ብልቃጥ አንሥቶ እያየ] ድንቹን ማን ቀቅል አለህ?

ዋኘው፦ «ድንቹም?» ብዬ ስጠይቅህ «ሁሉም አልኩህ! የሠለጠንኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልከኝ።

አስማረ፦ የአክስትህስ?

ዋኘው፦ ዘር ድንቿን ቀቅዬ በየት በኩል ዐይኗን አያለሁ? የእሷን በጥሬው ከተትኩት።

አስማረ፦ ውሸት! ብልቃጥ የገባችው አንዲት ቁራጭ ናት። የቀረው ቅቅል የታለ?

ዋኘው፦ በሚጥሚጣ በላኸው። «የምርጥ ዘር ጣዕሙ!» እያልክ ድስቱን ጠረግኸው።

አስማረ፦ ታዲያ ቁራጩን ብልቃጥ ስትከት እኔ የት ሆኜ ነው ያላየሁህ?

ዋኘው፦ እዚያችው ወንበር ላይ ነበርክ። ድንቹ ከብዶህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደህ።