ቡፌዬን ሸጬ የታመምኩ ሰሞን

የቴሌግራም ማስታወቂያ የሚያምን ሰው ካለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን ሰው መኖሩ ሊገርመው ይገባል። ፍሪጅ የሚሸጠው ከአገር ሊወጣ ነው። ሶፋ የሚሸጠው ከአገር ሊወጣ ነው። አንድ ያረጀ ካውያ የሚሸጥ ሰው እንኳ፣ የጉዞው ቀን ስለደረሰ በአስቸኳይ ይላል። ለመሆኑ እነዚህ ሁሉ ተጓዦች የት ገቡ? ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ሰልፉ ያው ነው፤ አንድም ሰው አልጎደለም። ደግሞ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ «በጥቂቱ ያገለገለ» ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ያገለገለ ነገር ቢኖር እንደ እኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ማስታወቂያ ላይ አያወጣውም።

እኔም ከእነዚህ ውሸታሞች አንዱ ሆኜ ስለነበር ሰው ማማት አይገባኝም። የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

ነገሩ የመጣው ከቡፌያችን ነው። ባለቤቴ ወይንሸትና እኔ ስንጋባ፣ አናጢ የነበረው አጎቷ በገዛ እጁ ሠርቶ ያበረከተልን ነው። ባለ ስድስት በር፣ መሐሉ ላይ የሰው ቁመት የሚያክል መስታወት ያለው፣ እግሩ እንደ አንበሳ እግር የተቀረጸ ግዙፍ ፍጥረት። ቤታችን አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ናት፤ ቡፌው ቤታችን ውስጥ ነው ከማለት ቤታችን ቡፌው ሥር ተጠልላለች ማለት ይቀላል። ውስጡ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሚመጥናቸው እንግዳ አልተገኘም።

ታዲያ ሐዋሳ ያገባችው ልጃችን ማህደር ነፍሰ ጡር ሆነች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና ወልዳ የምትታረሰው እኛ ዘንድ ነው። ለአራስ አልጋ ያስፈልጋል፤ ለአልጋው ቦታ ያስፈልጋል፤ ቦታው ላይ አንበሳው ቆሟል። ወይንሸት ሦስት ቀን ስታስብ ከርማ ቡፌው ይሸጥ አለች። ከዚያ ስለ እርግዝናው ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ። ባለፈው ጊዜ ለጎረቤቱ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ፅንሱ ሳይጸና ቀርቷል። ያን ጊዜ ወይንሸት በር ዘግታ ያለቀሰችውን አልረሳሁትምና ሳላንገራግር ማልኩ።

እንግዲህ እውነቱ ከተከለከለ ምን ይጻፋል? እንደ አገሬ ሰው ጻፍኩ፦ «በጥቂቱ ያገለገለ ቡፌ፤ ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ።» ጎረቤት እንዳያውቀኝ ስሜን አላስገባሁም፤ ስልኩም ለዚሁ ብዬ ያወጣሁት አዲስ ቁጥር ነው። ፎቶውን ያነሳሁት በማለዳ፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ነበር። በራሴ ብልጠት እየተደሰትኩ ለቀቅኩት።

መሸጥ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ማን ያውቃል? የሚደውለው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ አያውቅም። «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፤ መጀመሪያውን ሳይጠይቅ! አንዷ መስታወቱን ብቻ ነቅዬ እንድሸጥላት ለመነችኝ። አንዱ ደግሞ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግማሹን ብትቆርጥልኝ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ሰው ጠባይ ተለወጠብኝ። ጋሽ ሰይድ የሰፈራችን ልብስ ሰፊና የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። እስከማውቃቸው ድረስ የሰው ሒሳብ ከፍለው አያውቁም። አንድ ቀን ኬክ ቤት ጋበዙኝ። ማኪያቶ ላዝዝ ስል አስተናጋጁን ጠርተው ትኩስ ወተት አስመጡልኝና፣ ማኪያቶ ለጊዜው ይቅርብህ፣ ሁሉም በአላህ እጅ ነው አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ስኒያቸውን ማማሰል ያዙ። በማግስቱ የጎን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በፔርሙስ አጥሚት ይዛ መጣች። አጥሚት!

አጥሚት የአራስ መሆኑን ያላወቅኩ መሰላችሁ? በቃ፣ ምስጢሩ ወጥቷል ብዬ ወይንሸት ላይ ፊቴን አጠቆርኩ። ለካ እሷም ያወጣው እሱ ነው ብላ እኔ ላይ አኩርፋለች። ምን ሰማችሁ ብሎ ጎረቤት መጠየቅ ደግሞ አይቻልም፤ ካልሰሙ ማሰማት ይሆናላ። ስለዚህ ተኮራርፈን አጥሚቱን ጠጣነው። ግሩም ነበር።

በመጨረሻ ያገለገለ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ፒክአፕ ይዞ መጣ። እንጨቱን በጣቱ እያንኳኳ፣ እያንዳንዷ በር ላይ አንድ አንድ እንከን እያገኘ፣ ለኔ እንዳዘነልኝ ሆኖ ገዛው። ስድስት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ ያያል። ጋሽ ሰይድ ቆባቸውን አወለቁ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ለአንድ ቡፌ ይህን ያህል ፍቅር እንደነበራቸው አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ያንኑ ቡፌ ቴሌግራም ላይ አየሁት። ነጋዴው «ከጣሊያን ዘመን የቀረ፣ ብርቅዬ ጥንታዊ ሥራ፤ ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ» ብሎ በእጥፍ ዋጋ አውጥቶታል። የወይንሸት አጎት በደርግ ጊዜ፣ እኔው ሚስማር እያቀበልኩት የሠራውን! ሆኖም ደጋግሜ ሳነበው ቡፌው አማረኝ፤ ልገዛው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ማህደር ደረሰች። በቡፌው ቦታ አልጋዋን ዘርግተን ስትጋደም፣ ቤቱ እንዴት ሰፋ አለች። ወይንሸት ከስንት ቀን በኋላ ሳቀችልኝ። ደስ አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ደጃፋችን ላይ እልልታ ሰማሁ። በሩን ብከፍት የአንበሳ እግሮች ወደ እኔ ይመጣሉ። ቡፌያችን ነው! ከሥሩ ስምንት ጎረቤት ያልበዋል፤ ከፊቱ ጋሽ ሰይድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ንግግር አደረጉ። እኛ በሕይወት እያለን አንተ ታደሰ ለሕክምና ብለህ የቤትህን ዕቃ አትሸጥም፤ አዋጥተን ከነጋዴው ላይ መልሰን ገዝተነዋል፤ ውጭ አገር ታክመህ ስትመለስ ቤትህን እንደነበረ ታገኘዋለህ፤ ለጉዞውም እድሩ ይነጋገርበታል አሉ።

የምን ሕክምና? ብዬ ስጮህ ስልካቸውን አውጥተው ያንን ማስታወቂያዬን አሳዩኝ። መስታወቱ መሐል አንድ ሰው ቆሟል፤ ጋቢ የተከናነበ፣ ጺሙ ያደገ፣ ዓይኑ የጎደጎደ። በስልሳ ዓመቱ ዕቃውን ሸጦ ከአገር የሚወጣ እንዲህ ያለ ሰው የት ይሄዳል? እኔም ባየው አዋጣለት ነበር።

በዚህ መሐል ማህደር ወገቧን ይዛ ከአልጋዋ ተነስታ ብቅ አለች። እትዬ ዘነበች የማህደርን ሆድ አየች፣ አልጋውን አየች፣ ከዚያ ግቢውን በእልልታ አናወጠችው። ምስጢሩ እዚያው አበቃለት። ጋሽ ሰይድ ግን ወደ ጎን ሳብ አድርገውኝ፣ ታዲያ አንተ አልታመምክም? አሉኝ። ምንም አልሆንኩም ብዬ ማልኩ። ስኳር እንኳ? አሉኝ። ስኳር እንኳ የለብኝም አልኳቸው። ይህን ሁሉ ዱዓ አድርገው በከንቱ መቅረቱ ቅር እንዳላቸው ሳይ አሳዘኑኝና፣ ጨጓራዬን አልፎ አልፎ እንደሚነካካኝ አመንኩ። ትንሽ ተጽናኑ።

አሁን ቡፌው ምን ይሁን? ነጋዴው በእጥፍ የሸጠውን አይመልስ። ጎረቤት ደግሞ በእልልታ ያስገባውን ዕቃ ውሰዱልኝ የሚል ፊት ከየት ይመጣል? እነሱው የማህደርን አልጋ አንስተው መኝታ ቤት ከአልጋችን ጎን አስገቡ፣ ቡፌውን ቦታው ላይ ተከሉ፣ ለጤናዬ መርቀው ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ፊት ለፊቱ ቆሜ አለቀስኩ። ግማሹ የንዴት ነበር። ግማሹ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለእኔ ሲሉ ስምንት ሰዎች ያን ጉድ ተሸክመው መምጣታቸው ነው።

ለካ በሁለት አልጋ የመኝታ ቤቱ በር አይዘጋም። ወይንሸት ከልጇ ጋር ልተኛ አለች፤ የእኛ አልጋ ተፈታትቶ ግድግዳ ተደገፈ፤ እኔ ሳሎን ቡፌው ሥር ፍራሽ አነጠፍኩ። አልጋውን መሸጥ ግድ ሆነ። አሁን ግን ከውሸት ተምሬያለሁ። ጺሜን ተላጭቼ፣ መስታወት በሌለበት ፎቶ አንስቼ፣ ስሜን ከነአባቴ አስገብቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የባልና ሚስት አልጋ። ባለቤቱ የትም አይሄድም፤ ጤናውም ደህና ነው። የሚሸጠው ከእንግዲህ ስለማይተኛበት ብቻ ነው።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሽ ሰይድ ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እትዬ ዘነበች ፍራሽህን ሳሎን ተነጥፎ አየሁ ስትል አላመንኳትም ነበር አሉኝ። ከዚያም፣ ነገ ሦስት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁና እስከዚያ ከወይንሸት ጋር ክፉ ቃል እንዳትነጋገሩ ብለው ስልኩን ዘጉ።