የስንታየሁ ጊታርና የብርነሽ ጥጥ

ስንታየሁ ስልክ ጠጋኝ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ሱቁ የሰው ስልክ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ከክረምቱ ወዲህ ግን ስልክ መጠገኑ እንደ ትርፍ ሥራ ሆኗል፤ ዋና ሥራው ጊታር ነው። ጊታሩን ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ አስመጣው፣ መምህር አልፈልግም አለ፣ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ጭኖ በራሱ መማር ጀመረ። ገና አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ በሱቁ በር ላይ «ስንቱ የሞባይል ጥገናና የጊታር ማሰልጠኛ» የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ። እስካሁን የተመዘገበ የለም።

ጎረቤቱ ይስማው ጨውና ሳሙና ይሸጣል። ሁለቱን ሱቆች የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ስንታየሁ ይስማውን ነገር የማይገባው ሰው አድርጎ ነው የሚያየው፤ ቢሆንም ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሌላ ሰው አላገኘም። ዛሬ ደግሞ ይስማው በጣም ያስፈልገዋል። ከመንገዱ ማዶ ጥጥና ክር የምትሸጠውን ብርነሽን ሊያገባ ቆርጧል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ አስጠርቶ በጊታር ሊጠይቃት ነው። እሺ ካላለችው እዚህ ከተማ መኖሩም አልታየው።

[ይስማው ከብርነሽ ሱቅ ተመልሶ ገባ። ራሱን እስከ ጆሮው ድረስ በፎጣ ጠምጥሟል። ስንታየሁ ያመጣለትን ዕቃ አይቶ ይጮህበት ጀምሯል።]

ስንታየሁ፦ ይኼ ምንድን ነው?

ይስማው፦ ክር ነዋ።

ስንታየሁ፦ እኔ ይኼን አምጣ አልሁህ?

ይስማው፦ ክር አልኸኝ። ቀለሙን ስላልነገርኸኝ ቀይ ይሻለዋል ብዬ ቀይ አመጣሁ።

ስንታየሁ፦ የጊታር ክር ነው ያልሁህ! አንዱ ተበጥሶብኝ። ይኼ የቀሚስ መስፊያ ነው፤ በቀሚስ መስፊያ ሙዚቃ ይሰፋል?

ይስማው፦ ተበጠሰ ስትል የምትሰፋው መስሎኝ። መርፌም ይዤልሃለሁ።

ስንታየሁ፦ መንገድ ተሻግረህ ለመመለስ ደግሞ ግማሽ ቀን ፈጀህ።

ይስማው፦ ቁጭ በል አለችኝ፤ ቁጭ አልሁ።

ስንታየሁ፦ ይኼ ነጩስ?

ይስማው፦ ጥጥ ነው። የምርቃት ነው። «ዛሬ ከሰዓት ጊታር አለ አሉ፤ ይኼን ያዝ» ብላ ሰጠችኝ።

ስንታየሁ፦ [ቁጣው ወዲያው በረደ] እንደሱ አለች? የጊታር አቧራ በጥጥ እንደሚጠረግ ማን ነገራት? ልቧ ነው የነገራት።

ይስማው፦ ለአቧራው እንኳ አይደለም፤ እሱ…

ስንታየሁ፦ ተወው፣ አንተ አይገባህም። የሴት ልጅ ምልክት ረቂቅ ነው።

[ጥጡን ተቀብሎ ጊታሩን ቀስ እያለ መጥረግ ያዘ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ፤ ቴሌቪዥን ላይ ቃለ መጠይቅ የሚሰጡ ዘፋኞች እንደሚያደርጉት።]

ስንታየሁ፦ እንግዲህ ቁጭ በል። እሷ ስትመጣ አጠገቧ ሆነህ የምታብራራላት አንተ ነህ፤ ስለዚህ ቲዮሪውን ማወቅ አለብህ። ጣቶቼን እንዲህ ሳሳርፍ ኮርድ ይባላል። ይኼኛው ጂ ሜጀር ነው።

ይስማው፦ መጅ?

ስንታየሁ፦ ሜጀር።

ይስማው፦ መጅማ እናቴ ቤት ሞልቷል። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ማን ይፈልገዋል። ካስፈለገህ አመጣልሃለሁ።

ስንታየሁ፦ ይኼ ደግሞ ኤ ማይነር።

ይስማው፦ [ወደ በሩ ዞር ብሎ] ማን ነው? ማንም የለም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን።

ስንታየሁ፦ ማይነር ነው ያልሁህ። የኀዘን ኮርድ ነው። ይኼን የሰማ ሰው ሆዱ ይባባል።

ይስማው፦ ሆዱን ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስንታየሁ፦ አያድርስ ነው። ለማንኛውም ዋናው ኤፍ ነው። ብዙ ሰው ጊታር ጀምሮ የሚተወው ኤፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ይስማው፦ እፍ?

ስንታየሁ፦ አዎ፣ ኤፍ። እኔ ግን…

[ይስማው ጎንበስ ብሎ ጊታሩን ባለ በሌለ ትንፋሹ እፍ አለው። ያልተጠረገው አቧራ ሁሉ ስንታየሁ ዓይን ውስጥ ገባ።]

ስንታየሁ፦ [ዓይኑን እያሸ፣ እየጮኸ] ምን ሆነሃል?

ይስማው፦ እፍ አልህ፤ እፍ አልሁ። አቧራው በጥጥ አልለቅ ብሎህ እንደሁ ብዬ ነው።

ስንታየሁ በሆዱ ብዙ ነገር አለ። ደግሞ ታገሠ፤ ትልቅ ሰው መሀይም ጎረቤት ሲገጥመው መታገሥ አለበት ብሎ ያምናል። ማስታወቂያው ላይ «በራስዎ ቤት» የሚል ቃል ሊጨምር እንዳሰበ፣ ከዓመት በኋላም ጋይንትና ስማዳ ድረስ ቅርንጫፍ እንደሚከፍት ጮክ ብሎ አስረዳው። ይስማው ሰምቶት ሲያበቃ ራሱን አከከ።

ይስማው፦ ከቅርንጫፉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ዕቃ ተቃኝቷል? አዝማሪ እንኳ ማሲንቆውን ሳይቃኝ አይጀምርም።

ስንታየሁ፦ ቅኝት የማሲንቆና የክራር ነው። ጊታር ከፋብሪካ ተቃኝቶ ነው የሚመጣ። ስልክ ስትገዛ ቻርጅ ተደርጎ አይደል የሚመጣ?

ይስማው፦ እሱስ ነው።

ስንታየሁ፦ [በመርታቱ ደስ ብሎት፣ ድምፁን እንደገና ዝቅ አድርጎ] ብርነሽ ስትገባ በትዝታ ነው የምቀበላት።

ይስማው፦ ጥዝጣዜ? ጥርስህን ነው? አስነቅለው እንጂ ምን ያሠቃይሃል።

ስንታየሁ፦ ከዚያ የራሴን ድርሰት እጫወትላታለሁ። «ብርነሽ ቁጥር አንድ» ብዬዋለሁ። አሁን ዝም ብለህ እይ።

[ስንታየሁ አንዷን ክር ብቻ ደጋግሞ መታት። ጆሮውን ወደ ጊታሩ ዘንበል አደረገ። ግንባሩን ቋጠረ። ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ ትንሽ አጠበቀ። መልሶ መታት፣ መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ ክር ወረደ፤ እዚያም እንዲሁ። ውጭ ታስራ የነበረች አህያ ገመዷን ትጎትት ጀመር። ይስማው ግን ፊቱ ላይ አንዳች ሕመም አይታይም፤ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጠ ሰው ረግቶ ያያል።]

ስንታየሁ፦ [ላቡን እየጠረገ] እንዴት ነው?

ይስማው፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት ነህ?

ስንታየሁ፦ እሱን አይደለም። ያ ጆሮዬን ዘንበል የማደርጋት፣ ግንባሬን የምቋጥራት፣ ቁልፉን የማጠብቃት፤ ስታይል ይባላል። ከቪዲዮው መምህሬ አንድም ሳላጓድል ነው የወሰድኋት።

ይስማው፦ [ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ]

ስንታየሁ፦ አየህ፣ አንተም ገባህ። ብርነሽም እንደዚሁ ናት። በበራፌ ስታልፍ ልክ እንዳንተ ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ሰላም ስላት ግን አትመልስልኝም፤ ዓይናፋር ናት። በል ጊዜው ደርሷል፤ ሂድና ጥራት።

ይስማው፦ ጥራቱማ ደህና ነው።

ስንታየሁ፦ ጥራት ነው የምልህ።

ይስማው፦ እኔስ ምን አልሁ? እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀ። ጥራት አለው።

[ስንታየሁ ትዕግሥቱ አለቀ። ተነሥቶ የይስማውን ፎጣ ከራሱ ላይ ገፈፈው። ከግራ ጆሮው ድብልብል ጥጥ መሬት ዱብ አለ። የቀኙ ባለበት ቀረ።]

ስንታየሁ፦ ይኼ ምንድን ነው?

ይስማው፦ [የቀኙንም እያወጣ] ጥጥ ነው። ለአቧራው አይደለም ብዬህ ነበር፤ አላስጨርስ አልኸኝ።

ስንታየሁ፦ ጆሮህን ደፍነህ ነው ስታዳምጠኝ የቆየኸው?

ይስማው፦ ስትቆጣ እሰማሃለሁ። ስታስተምር ነው የማይሰማኝ።

ስንታየሁ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ይስማው፦ ጊታሩ ከመጣ። መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ነበር፤ ማሰልጠኛ ስትከፍት ቀንም ጨመርሁ።

ስንታየሁ፦ ስምህ እኮ ይስማው ነው።

ይስማው፦ ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው። አንተን አያውቅህም ነበር።

[ከጊታሩ ላይ የምርቃቱን ጥጥ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ስንታየሁ ፊቱ ቀላ፤ ስልኩን አወጣ።]

ስንታየሁ፦ ቅናት ነው። እኔ መምህሬ የሚያደርገውን ነው የማደርግ። ና፣ እይ፤ ይኸው ጆሮውን ዘንበል ሲያደርግ። ይኸው ግንባሩን ሲቋጥር።

ይስማው፦ ድምፁስ የታለ?

ስንታየሁ፦ የስልኬ ስፒከር ሞቷል። ድምፅ ምን ያደርግልኛል፤ ጣቱን አያለሁ። ስሜ ስንታየሁ ነው፤ ስንት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቅ።

ይስማው፦ የሰው ስፒከር ስትጠግን ትውላለህ። ኤርፎንም ይኸው ግድግዳው ሙሉ ሰቅለሃል።

ስንታየሁ፦ እሱ የሚሸጥ ነው። የሱቅ ዕቃ አይነካም።

[ይስማው ከተሰቀሉት አንዱን አውርዶ ስልኩ ላይ ሰካና ጆሮው ውስጥ ከተተ። ስንታየሁ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረው፤ ግድ የሌለው ሊመስል ሞከረ፣ አልቻለም።]

ስንታየሁ፦ ምን ይላል?

ይስማው፦ እንደምን አላችሁ ይላል።

ስንታየሁ፦ ከዚያስ?

ይስማው፦ «ጊታር ከመጫወታችን በፊት መቃኘት አለበት» ይላል።

ስንታየሁ፦ …ዝም ብሎ ነው። ጂና ኤ ብሎ ስክሪኑ ላይ የጻፈውስ?

ይስማው፦ የክሮቹ ስም ነው አለ። መጅ እንኳ አላነሣም።

ስንታየሁ፦ ይቺጋ ስማልኝ፤ ጆሮውን ዘንበል ያደረገባት። «ብርነሽ ቁጥር አንድ» የወጣችው ከዚህች ነው።

ይስማው፦ «ስሙ፤ ይኼ የተበላሸ ድምፅ ነው» ይላል። ደግሞ «ቁልፉን አብዝታችሁ አታጥብቁት፤ ክሩ ይበጠሳል» ይላል።

[ሁለቱም ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ አዩ።]

ይስማው፦ ቆይ፣ መጨረሻው ነው። «ቅኝቱን እዚህ ላይ ጨርሰናል። መጫወት በሚቀጥለው ቪዲዮ እንጀምራለን» ብሎ ተሰናበተ። የሚቀጥለውስ?

ስንታየሁ፦ አልጫንሁትም። ይኼኛውን በደንብ ልጨርስ ብዬ ነው።

ስንታየሁ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ክረምቱን ሙሉ፣ በጋውንም እስካሁን፣ ማሲንቆውን እየቃኘ ዘፈን ሳይጀምር ሠርጉ እንዳለቀበት አዝማሪ ሆኖ መክረሙ ገባው። በሩ ላይ የሰቀለውን ማስታወቂያ ቀና ብሎ አየ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፤ እሱን ሙጭጭ ብሎ ያዘ።

ስንታየሁ፦ ብርነሽ ግን ጊታሬን ወዳዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ።

ይስማው፦ ሰላም ስትላት ለምን የማትመልስ ይመስልሃል?

ስንታየሁ፦ ዓይናፋር ናት አልሁህ።

ይስማው፦ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ከፍ አድርጋ አይተሃት ታውቃለህ?

ስንታየሁ፦ ጨዋ ልጅ ስለሆነች…

ይስማው፦ ይኼ ጥጥ ከማን ሱቅ የወጣ ነው? ጊታሩ በመጣ ሰሞን ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ደጇ ቆሜ አየችኝ። አዘነችልኝና ለራሷ ካዘጋጀችው ከፍላ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም አልሰማ፣ እሷም አትሰማ፤ በጥቅሻ ነው የምናወራ። ጥቅሻ ደግሞ ታውቀዋለህ።

ስንታየሁ፦ ምን ማለትህ ነው?

ይስማው፦ ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ እሺ ብለዋል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ልነግርህ በመጣሁ ቁጥር ትጫወታለህ። እስክትጨርስ ልጠብቅ ብዬ ነው፤ ለካ ገና አልጀመርህም ነበር።

[ውጭ አህያዋም ረግታለች።]

ስንታየሁ፦ እንግዲያ ያገናኘኋችሁ እኔ ነኛ።

ይስማው፦ አንተ ነህ። አንተ ሳትሰማ ተማርህ፤ እኛ ሳንሰማ ተዋደድን። ሚዜዬ አንተ ነህ፤ እሷም ተስማምታለች። ጊታሩን ብቻ ቤት ተወው ብላለች።

[ስንታየሁ ጊታሩን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስተኛው። ስልኩን አላየም፣ ስታይልም አልሠራም። ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ መታቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። ክሮቹ እርስ በርስ ተጣልተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጮኹ። ስንታየሁ ዓይኑን ጨፈነ።]

ስንታየሁ፦ ይስማው።

ይስማው፦ አቤት።

ስንታየሁ፦ ያችን የምርቃት ጥጥ መልስልኝ።

ይስማው፦ ለአቧራው ነው?

ስንታየሁ፦ ለጆሮዬ ነው።